በጠዋት ነው በቀትር?

መኪና ተገፍታም ይሁን ተጎትታ ግቢው በር ላይ ስትደርስ የጋሼ የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «በጠዋት ነው በቀትር?» ምን ሆነች አይልም፤ ኮፈኑንም ለመክፈት አይቸኩልም። ባለቤቱ ላቡን እየጠረገ ስንት ብር እንደበላችው፣ ማን ነክቷት ማን እንዳባሳት ሲዘረዝር እስኪጨርስ ይሰማውና ያችኑ ጥያቄ ይደግማታል። እምቢ የምትለው በጠዋት፣ ሞተሯ ሳይሞቅ ነው? ወይስ በቀትር፣ ድሬ እንደ ምጣድ ስትግል?

በ1981 ዓ.ም. ክረምት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ቀኑን ሙሉ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ስጫወት ማየት የሰለቻት እናቴ «ውሰድልኝና ሥራ ይልመድ» ብላ ለመካኒኩ ለጋሼ ሰጠችኝ። ጋራዡ ከከዚራ ወደ መጋላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከደቻቱ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። መሀሉ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ ቆሟል። በድሬ ደንብ ጋሼን «አንተ» እለው ነበር። ስድሳ ዓመት ለሞላው ሰው አንቱ አለማለት እንደ ድፍረት የሚቆጠር መሆኑን ያወቅሁት አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ ነው።

ጋሼ ወጣትነቱን የጨረሰው በምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሜዳ ላይ ሲደርስ ነው ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ አሥራ አራት ዓመት ፈጅቷል። ወርክሾፑ ለከተማዋ ከማናቸውም ትምህርት ቤት በላይ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። ምንም ሳያውቅ የገባ ልጅ ብረት መቁረጥ፣ መቦረሽ፣ መበየድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መለካት ተምሮ ይወጣበት ነበር። ጋሼ ከዚያ ይዞት የወጣው ጥቂት የፈረንሳይኛ ቃላትና አንድ ልማድ ነው፦ ያገኘውን ብልሽት ሁሉ በደብተር መጻፍ። ቀን፣ የመኪናዋ ሰሌዳ፣ የተፈተነው፣ የተገኘው። የተፈተነው ሁልጊዜ ከተገኘው ይረዝማል።

ከባቡር ወደ ታክሲ መምጣቱ ግን ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም መሻገር ነበር። የባቡሩ ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አምቆ አምቆ ያግለዋል፣ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይነዳል። የቤንዚን ሞተር ግን ለኳሽ ካላገኘ ምንም ቢያምቁት አይነሳም። «ናፍጣ ጉልበት ነው፣ ቤንዚን ሰዓት ነው» ይል ነበር ጋሼ። ሰዓት ያለው እሳቱ የሚመጣበትን ቅጽበት ነው።

በዚያን ጊዜ የድሬና የሐረር ታክሲ ማለት ፔጆ 404 ማለት ነበር። ፈረንሳዮቹ እ.ኤ.አ. በ1960 አውጥተዋት፣ የውጭ ቅርጿን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነድፎላት፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር አሸንፋለች። እኛ ጋ ስትደርስ ወንበሯ ተቀዶ፣ በሯ በሽቦ ታስሮ፣ ከኋላ አምስት ከፊት ሦስት ሰው ጭና ትሮጣለች። ኮፈኗን ስትከፍት ሞተሯ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ክንዱን ተደግፎ እንደሚቅም ሰው 45 ዲግሪ ወደ ጎን ጋደም ብሏል። ካንዴላዎቿ ከላይ ሆነው አይታዩም። እያንዳንዱ በጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ተቀብሮ፣ በረጅም ቱቦ መሰል ቆብ ነው ገመዱን የሚቀበለው። ያንን ቆብ ስቤ ሳወጣ እጄ ላይ የቀረው የቤንዚንና የትኩስ ዘይት ሽታ ዛሬም ከነሙቀቱ አፍንጫዬ ሥር አለ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ መኪና ላይ አልነበረም። ጋሼ ኒሙ ሥር ባለ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አንድ ባትሪ፣ አንድ አሮጌ ቦቢናና ጥቂት ሽቦ አስቀመጠ። ዛሬ ሁሉም ኮይል የሚለውን ነው ቦቢና የሚለው። የባትሪውን ሁለት ጫፍ በሁለት እጄ አስያዘኝ፤ ምንም አልተሰማኝም። «12 ቮልት ነው፤ ዝንብም አይገድል። አሁን ይኸ ሲሊንደር ውስጥ፣ የታመቀ አየርና ቤንዚን መሀል፣ ክፍተት ዘሎ እሳት ይሆናል ብትባል ታምናለህ?» አላመንኩም። ባትሪውን ከቦቢናው ጋር አገናኘ፣ ከቦቢናው አናት የሚወጣውን ወፍራም ገመድ ጫፍ ከብረት ጥቂት ሚሊ ሜትር አራርቆ አሠረ፣ ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ ሁለቱን ሽቦዎች አነካካቸው። ምንም። ሲያለያያቸው ግን ጠሽ! ሰማያዊ እሳት ከገመዱ ወደ ብረቱ ዘለለ።

ደግሞ አገናኘ፤ ምንም። ለየ፤ ጠሽ!

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እሳት የሚገኘው ነገር ሲገናኝ ነው ብዬ ነበር የማምነው። መብራት የሚበራው ሽቦ ሲገናኝ ነው፤ ክብሪት የሚጫረው ከቀፎው ጋር ሲነካካ ነው። ይህ ግን ሲቋረጥ ነው የሚወለደው። «ወንጭፍ ነው» አለኝ ጋሼ። «ድንጋዩ የሚሄደው ስታሽከረክረው አይደለም፣ ስትለቀው ነው።»

ቦቢናው ውስጥ በአንድ የብረት አስኳል ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች አሉ። አንዱ ወፈር ያለ፣ ጥቂት መቶ ዙር ብቻ የዞረ ነው። ሌላው ከፀጉር የማይወፍር፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዙር ያለው ነው። ቁልፉ ሲከፈት ከባትሪው የሚመጣው አራት አምፔር ገደማ ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ሽቦ ያልፍና ብረቱን ማግኔት ያደርገዋል። ይህ የማሽከርከሩ ጊዜ ነው። እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ሆድ ውስጥ ያለችው ትንሽ መቀርቀሪያ ድንገት ከፈት ስትል ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ማግኔቱም በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ጋሼ ፕላቲን የሚላት፣ የመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ ኮንታክት ፖይንት የሚላት ይህች መቀርቀሪያ ናት። የፈረሰው ማግኔት በቀጭኑ ሽቦ ላይ 15 ሺህ፣ 20 ሺህ ቮልት ያስነሳል፤ ያ ነው ክፍተቱን የሚዘለው። ዲስትሪቢዩተሩ ከዋናው ዘንግ በግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር፣ በውስጡ ያለችው ሮተር እሳቱን ተራ ለደረሰው ካንዴላ ታድላለች። አንዲት 404 በደቂቃ 3,000 ዙር ስትዞር በሰከንድ 100 እሳት ትፈልጋለች። ፕላቲኗም በሰከንድ መቶ ጊዜ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ያን ሁሉ የምትሠራው በ0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ነው።

ከፕላቲኗ ጎን አንዲት የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቆርቆሮ አለች፤ ኮንዴንሰር። ብዙ ሰው ይንቃታል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወዳት እሷን ነው። ፕላቲኗ ስትከፈት ኤሌክትሪኩ በቀላሉ አይቆምም፤ በሩጫ የመጣ ነውና ክፍተቱን ዘሎ ሊያልፍ ይፈልጋል። ኮንዴንሰሯ ለዚያች ቅጽበት መጠለያ ትሰጠዋለች። እሷ ከሞተች እሳቱ እዚያው ፕላቲኗ ላይ ይነዳል፤ የማግኔቱ መፍረስም ይዘገያል፣ ካንዴላው ጋ የሚደርሰው እሳት ቀጭንና ቢጫ ይሆናል። ፕላቲኗን ስትፈታ ባንዱ ፊት ጉድጓድ፣ በሌላው ፊት ጉብታ ካየህ ፕላቲኗን ቀይረህ ብቻ አትሂድ። በሳምንቱ ትመለሳለህ።

ይህን በባትሪ፣ በቦቢናና በሚከፈት መቀርቀሪያ የሚሠራ ሥርዓት ለካዲላክ የ1910 ሞዴል መኪና ያበጀው ቻርለስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ከእርሱ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ዓለም በዚያው ስልት ተጓዘ። ስሙን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። መርሁን ከነጭስና ከነድምፁ ያወቅሁት ግን ኒሙ ሥር ነው፤ የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ አላመነታም።

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያውን ትልቅ ስህተቴን ሠራሁ። ጋሼ ለቅሶ ሄዶ ነበር። አንድ ታክሲ የካንዴላ ገመዶቿ አርጅተው አዲስ ተገዝተውላት ቆማለች፤ እኔም ላስደስተው ብዬ አሮጌዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ነቅዬ በአዲሶቹ ተካሁ። ተራውን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት። ሲሊንደሮቹን ከፊት፣ ከራዲያተሩ በኩል ቆጠርኩ። ማንስ ከኋላ ይቆጥራል? ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ሳይነሳ በካርቡራተሩ አፍ እሳት ተፋ። የአየር ማጣሪያውን አንስቼው ስለነበር ነበልባሉ የግራ ቅንድቤን ላሰው። ሹፌሩ በጆንያ አፈነው። ልቤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲደልቅ ነበር።

ጋሼ ከለቅሶ ነጠላውን እንደለበሰ ገባ። ቅንድቤን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ምንም አልተናገረም። አራቱን ገመዶች ተራ በተራ ነቅሎ እያንዳንዱን ከነበረበት ሁለት ቤት አሻግሮ ሰካ። «አስነሳ» አለ። ተነሳች። ከዚያ ወደ ሞተሩ ጀርባ ወስዶ ቮላኖው፣ ፍላይዊሉ ማለት ነው፣ ያለበትን አሳየኝ፦ «ፔጆ ከዚህ ነው የምትቆጥረው። አንተ ከፊት ስለቆጠርክ አራተኛውን አንደኛ አደረግኸው። ሁሉም እሳት አንድ ሙሉ ዙር ተሳስቶ መጣ። አምቆ ሲጨርስ የሚመጣው እሳት፣ አፉን ከፍቶ ሊጠጣ ሲጀምር መጣበት። ቢተፋብህ ምን ይገርማል?» ያን ቀን ደብተሩ ላይ ራሴ እንድጽፍ አደረገኝ። ገመድ አንድ በአንድ እንጂ በጅምላ አይነቀልም፤ ይህን ከዚያ ወዲህ ለማንም ጀማሪ ሳልነግር አላለፍኩም።

መሣሪያው ሁሉ በአንድ የሸራ ቦርሳ ያልቃል። ከሁሉም የሚበልጠው ራሱ የሠራት የመፈተኛ አምፖል ናት፦ ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖል፣ ሁለት ሽቦ የተበየደባት፣ የአንዱ ጫፍ መቆንጠጫ፣ የሌላው ጫፍ መርፌ። በዚህች አምፖል መኪናን ያናግራታል። ፈተናውም ምንጊዜም መንገዱ አንድ ነው፤ ከምንጩ ይጀምራል፣ መንገድ አይዘልም።

መጀመሪያ የፊት መብራቱን አብርቶ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን ያስመታል። መብራቱ ሲመታ ድርግም ካለ ነገሩ ከባትሪው ወይም ነጭ ዱቄት ካበቀለው ጫፍ ነው፤ የፈላ ውሃ አፍስሶ በብሩሽ ያጥባል እንጂ ወደ ቦቢና አይሄድም። ባትሪው ደህና ከሆነ እሳቱን ያያል። ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን መሀል የሚገባውን ወፍራም ገመድ ነቅሎ፣ እጀታው ፕላስቲክ በለበሰ ፒንሳ ይዞ፣ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ያርቀዋል። ሲመታ ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ጠሽ የሚል እሳት ከዘለለ ቦቢናውና ከእርሱ በፊት ያለው ሁሉ ነጻ ወጣ፤ በሽታው ያለው ከዚያ ወዲያ፣ በክዳኑ፣ በሮተሯ፣ በገመዶቹ ወይም በካንዴላው ነው። እሳት ከሌለ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ ጥያቄ መኪናዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ ግማሿን ጨርሶ መርሳት ይቻላል።

ወደ ኋላ ሲመለስ አምፖሏ ትወጣለች። አንዱ ጫፍ ማሳ፣ ማለትም የሞተሩ ብረት ላይ፣ መርፌዋ ቦቢናው ኤሌክትሪክ በሚቀበልበት ጫፍ። ካልበራች ከቁልፉ የሚመጣው መንገድ ተቆርጧል። ከበራች መርፌዋ ወደ ፕላቲኗ በኩል ወዳለው ጫፍ ትዞራለች፣ ሞተሪኖውም ይመታል። እዚህ ላይ አምፖሏ ሦስት ዓይነት መልስ አላት። ብልጭ ድርግም ካለች ፕላቲኗ ሥራዋን እየሠራች ነው። ሳትጠፋ በርታ ከቀረች ፕላቲኗ አልተጋጠመችም፤ ቆሽሻለች ወይ ክፍተቷ ሰፍቷል። ጨርሶ ካልበራች ወይ ፕላቲኗ አልተከፈተችም፣ ወይ ከእሷ ጋር የተያያዘው ሽቦ ብረት ነክቷል፣ ወይ የቦቢናው ወፍራም ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል።

ሰዓቷንም የሚያስተካክለው በዚያችው አምፖል ነበር። የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፈትቶ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ይወትፍና ሞተሩን በእጅ ያዞራል። ጨርቁ በእመቃው ፑፍ ብሎ ሲወጣ ተራው የእርሱ ነው። ምልክቱ ላይ ያቆመዋል፤ ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን አካል ቀስ ብሎ ሲያዞር አምፖሏ ቦግ የምትልበት ነጥብ ፕላቲኗ የምትከፈትበት፣ እሳቱም የሚወለድበት ነጥብ ነው። እሳቱ ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት መቅደም አለበት፤ ቤንዚኑ ለመንደድ ጊዜ ይፈልጋልና። በጣም ከቀደመ የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ሞተሯ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ ከዘገየ ትሞቃለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ ቤንዚንም ትጠጣለች።

ካንዴላ ደግሞ ሐኪም እንደሚያየው ምላስ ነው። ቡናማ አመድ ከመሰለ ጤና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም እሳቱ ደክሟል። ዘይት ከጠጣ የፒስቶኑ ፋሻ አልቋል። ከነጣ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይሞቃል። ጋሼ አራቱንም እንደ ተራቸው ካርቶን ላይ ደርድሮ ያያቸዋል፤ አንዱ ከሦስቱ ከተለየ ያ ቤት ብቻውን ታሟል ማለት ነው።

አንድ ሌሊት፣ መብራት በጠፋበት፣ ሌላ ነገር አሳየኝ። ከጠዋቱ ጤዛ ጋር የምታስቸግር አንዲት ታክሲ ነበረች። ከተማው ጨልሟል፤ ከመጋላ በኩል የኢሻ አዛን ይሰማል። ሞተሩን አስነሳና የእጅ ባትሪውን አጥፍቶ «ዝም ብለህ እይ» አለኝ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ገመዶቹ ላይ ሐምራዊ ጭላንጭል ሲርመሰመስ አየሁ። ክዳኑ ላይ ደግሞ እንደ መብረቅ ቅርንጫፍ ያለች ስስ መስመር ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች። ቀን ቢሆን ማንም አያያትም። ክዳኑ በፀጉር ስንጥቅ ተሰንጥቆ፣ እርጥበትና አቧራ ገብቶበት፣ እሳቱ በዚያ እየሾለከ ነበር። ጋሼ በውሃ የረጠበ ጨርቅ ሲያስጠጋላት መስመሯ ደመቀች፣ ሞተሩም ተንገዳገደ። ያን ጊዜ የተሰማኝን በምን ልንገራችሁ? ቀን በፀሐይ የማውቃት፣ ሽታዋንና ድምፅዋን የለመድኳት መኪና፣ ለካ በውስጧ ይህ ሁሉ ብርሃን ሲጓዝ ኖሯል።

ግን ትዝታዬ ሁሉ ተመልሶ የሚያርፈው ደንገጎ ላይ ነው።

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ደንገጎን ወጥተህ ስትጨርስ 2,000 ሜትርን ታልፋለህ። አንድ የሐረር መንገድ ሹፌር ነበር፤ መኪናው ጠዋት ስትወጣ ምንም አትልም፣ በቀትር ግን ዳገቱ መሀል ላይ ጠፍታ ትቀራለች። ግማሽ ሰዓት አርፋ ትነሳለች። ሌሎች ጋራዦች ካርቡራተሩን አጥበውለታል፣ የቤንዚን ፓምፑን ቀይረውለታል። የሁሉም ፍርድ አንድ ነበር፦ «ቤንዚኑ ይፈላል።» በድሬ ሙቀት ይህ ውሸት አይደለም። ቤንዚን ቱቦ ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ፓምፑን ባዶ ያስመታዋል፤ ሹፌሩ ሁሉ ለዚህ ሲል ውሃና ጨርቅ ይዞ ነው የሚወጣው።

ጋሼ ጠየቀ፦ «በጠዋት ነው በቀትር?»

«በቀትር ነዋ! ይኸው ስነግርህ።»

«እንግዲያ በቀትር እንወጣለን።»

ሰው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ጥላ ፍለጋ በሚገባበት ሰዓት ሦስታችን ወጣን። ከግማሽ ዳገት በላይ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አደረጋትና ጠፋች። ሹፌሩ ወዲያው ወርዶ ጀሪካኑን አነሳ። ጋሼ እጁን ያዘው።

«ተው! አታቀዝቅዛት። በሽታውን ልታባርርብኝ ነው?»

ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ ያን ቃል። እሳቱ ይታይ አለ። ወፍራሙን ገመድ ነቅዬ በፒንሳ ያዝኩ፣ ሹፌሩ መታ። ምንም። እንግዲህ ቤንዚኑ ቢፈላም ባይፈላም መኪናዋን ያቆማት እርሱ አይደለም። አምፖሏ ወጣች። ቦቢናው በሚቀበልበት በኩል ቦግ አለች። በፕላቲኗ በኩል ሲመታ ብልጭ ድርግም አለች። ኤሌክትሪክ ይገባል፣ ይቋረጣልም፤ የሚወጣ እሳት ግን የለም። ሁለት ተጠርጣሪ ቀረ።

ከሸሚዝ ኪሱ ጤነኛነቱን የሚያውቀው ኮንዴንሰር አወጣ። የመኪናዋን ከመስመር አውጥቶ የራሱን በሽቦ አገናኘ። ምንም። ቦቢናውን በእጁ ሊነካ ሞክሮ ሸሸ፤ እንደ ጀበና ግሏል። ከቦርሳው ሌላ ቦቢና አውጥቶ አሮጌውን ሳይፈታ ገመዶቹን ብቻ አዛወረ። ጠሽ! እሳቱ በፀሐይ እንኳ ታየ።

ሹፌሩ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወደ መሪው ሊገባ ሲል ጋሼ ገመዶቹን መልሶ ከአሮጌው ጋር አገናኛቸው።

«አቦ ምን ታደርጋለህ? ተገኘ እኮ!»

«አንዴ የታየ አይታመንም።»

በአሮጌው መታ፤ ምንም። በአዲሱ መታ፤ ጠሽ። ከዚያ መንገድ ዳር ካለ ግራር ሥር ተቀምጠን አሮጌው እስኪበርድ ጠበቅን። ቁልቁል ድሬ በሙቀት ጭጋግ ውስጥ ነጭ ሆና ተዘርግታለች። ሲበርድ አገናኘው፤ እሳት ሰጠ። አሁን ተነሳና እጁን አራገፈ። በኋላ በደብተሩ የጻፈው ይህ ነበር፦ ቦቢናው ሲሞቅ ውስጡ ያለው መለያ ይከዳል፤ ቀጭኑ ሽቦ እርስ በርሱ ይነካካል። በዚያም ላይ መዳብ ሲግል ኤሌክትሪክን ይበልጥ ይቃወማል፤ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ሲጨምር ተቃውሞው በሩብ ገደማ ይጨምራል። ደካማ ቦቢና በደጋ አገር ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ድሬ ላይ ግን አንድ ቀትር አያልፍም።

ሹፌሩ ለቀየረው ፓምፕና ላሳጠበው ካርቡራተር የከፈለውን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ያ ገንዘብ የልጆች ደብተርና እንጀራ ነበር። ሳይፈትኑ መቀየር ከድሃ ኪስ መገመት ነው። በዚህ ነገር ላይ ትዕግሥት የለኝም።

ጋሼ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ጋራዡም የለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ኳስ የተጫወትንበት ደቻቱ ሞልቶ ወጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ግቢው ከነቆርቆሮው አብሮ ሄደ። ከወር በኋላ ሄጄ ያየሁት ኒሙን ብቻ ነው፤ ግንዱ እስከ ወገቡ አሸዋ ውስጥ ቆሞ ነበር። የምድር ባቡሩ ፉጨትም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ዝም አለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ታክሲው በአብዛኛው ባጃጅ ሆነ። ደብተሩ የት እንደደረሰ አላውቅም። አምፖሏ ግን እኔ ጋ አለች፤ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው የሰጠኝ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ድሬ ሄጄ ሳቢያን አካባቢ የአንድ ወጣት መካኒክ ጋራዥ ገባሁ። የወንድሜ ልጅ ያሪስ መኪና እዚያ ነበረች። ግቢው ውስጥ ሰፊ ዳስ አለ፤ ከሥሩ ባዶ ነው። ያሪሷ ግን ከዳሱ ውጭ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ኮፈኗ ተዘግቶ ቆማለች። ጥላ እያለ ለምን እዚያ ቆመች ብዬ ቅር አለኝ፤ ቀለሟ ይበላሻል።

የዛሬ መኪና ዲስትሪቢዩተርም ፕላቲንም የላትም። እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱን ትንሽ ቦቢና አናቱ ላይ ተሸክሟል፤ የሚቆርጠውና የሚለቀው ኮምፒውተር ነው። ገመድ ነቅሎ እሳት ማየትም አይመከርም፤ እሳቱ በጣም ኃይለኛ ነው፣ የኤሌክትሮኒክ ክፍሉንም ሊያቃጥል ይችላል። ወጣቱ መመርመሪያውን ከመሪው ሥር ሰክቶ ሞተሩን አስነሳ። ስክሪኑ ላይ ፒ 0303 የሚል ቁጥር ወጣ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር እሳት ይስታል ማለት ነው። ቦቢና ግዛ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ሞተሩን አጥፍቶ የሦስተኛውን ቦቢና ነቀለ፣ ከሁለተኛው ጋር አቀያየራቸው፣ ቁጥሩን ሰረዘና እንደገና አስነሳ። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ፒ 0302 ወጣ። በሽታው ቦቢናውን ተከትሎ ሄዷል።

ወጣቱ አሁንም አልቸኮለም። ሁለቱን ነቅሎ ወደየቦታቸው ሊመልስና እንደገና ሊያስነሳ ሲል አላስቻለኝም።

«በጠዋት ነው በቀትር?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «በቀትር ነው ጋሼ። ጠዋት ስትመጣ ምንም አልነበራትም» አለና በጨርቅ የያዘውን ትኩስ ቦቢና ወደ ፀሐዩ አመለከተ። «ለዚህ ነው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ያቆምኳት።»